የመጨረሻው ሰዓት ይሁንልኝ

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኞቹ «መቀስ» ይሉታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ የመቀሱን ድምፅ ሰምቼ ስንተኛው ሰው ላይ እንደደረሰ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ ያ ድምፅ ከምሳ በኋላ ይቆራረጥ ጀመር። ቀጭ ቀጭ ይልና ዝም። ሄጄ ሳይ ክንዱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ደንበኛውን በወሬ ይዞታል።

ጠዋት ምንም አይለውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የግራ ዐይኑ ቆብ ይወርድና አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያያል። ምላጭ ለያዘ ሰው ሁለት ጉሮሮ ሲታየው እስቲ አስቡት። ምላጩን በገዛ ፈቃዱ አስቀመጠ፣ ጢም መላጨት ተወ። ቀጣዩ መቀሱ ነበር። ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ ሰው ያለ መቀስ ምን ሊሆን ነው? እኔም ከሁለት ወር ወዲህ ሻሽ ማሰር ጀምሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

«ነርቭ ነው» አለ ሰፈሩ። እጅ ቢደነዝዝ ነርቭ፣ እንቅልፍ ቢጠፋ ነርቭ፣ እኔ ስቆጣም ነርቯ ተነሳ ነው የሚባለው። የነርቭ ሐኪም ብለን አጠያየቅን። የመጀመሪያው የነርቭ ሐኪም ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሆነና የአንገቱን ፎቶ አይቶ «እኔ የምቆርጠው ነገር የለም» ብሎ ሸኘን። ሁለተኛው የነርቭ ሐኪም የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። «ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አለ እንጂ፣ አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቀው ዐይኑ ወድቆ አያውቅም።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው መንገዱን ያሳየኝ። «እትዬ፣ ሰውነት ጠላት የመጣበት መስሎት የገዛ ራሱን የሚወጋበት በሽታ አለ። ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትንም ይመታል። ዝም ብለው የነርቭ ሐኪም አይበሉ። ኒውሮሎጂስት ይበሉ፣ ነርቭን ሳይቆርጥ በመድኃኒት የሚያክመውን፣ እሱም ይህን ዓይነቱን የሚያውቅ» አለኝ። ሱሪውን በነጻ አሳጠርኩለት።

ስልኬን አነሳሁ። ልብስ ሰፊ ስትመርጥ «ኮት መስፋት ትችያለሽ?» አትልም፤ ሁሉም እችላለሁ ነው የሚለው። «በዚህ ወር ስንት ኮት ሰፋሽ?» ነው ጥያቄው። እኔም «ሐኪማችሁ ሰውነታቸው ራሱን የሚወጋባቸው ስንት ሰዎች ይከታተላሉ?» እያልኩ ደወልኩ። ሦስት ቦታ ተንተባተቡ። አራተኛው ቦታ ያለችው ጸሐፊ «ዶክተሯ ሐሙስ ሐሙስ የሚያዩት እነሱን ብቻ ነው» ስትለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልያዝልዎት?» አለች።

ያኔ ነው የባነንኩት። ሁለቱም ሐኪሞች ያዩት ጠዋት ነው። መቀስ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሱቁን ዘግቶ፣ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሙሽራ መስሎ ነው። «ሰው ፊት ተዝረክርኬ አልቀርብም» ይላል። ክንድህን አንሳ ሲሉት እንደ ወታደር ቀጥ ያደርገዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ።

«የመጨረሻው ሰዓት ይሁንልኝ» አልኳት።

ሐሙስ ዕለት በጠዋት ሱቁን አስከፈትኩት።

«ሐኪም ቤት እየሄድኩ ልሥራ?»

«ትሠራለህ። ስድስት ሰው ጠርቼልሃለሁ።»

አምስተኛው ላይ ግድግዳው ዝም አለ። ስድስተኛውን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩና ባሌን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሊቆጣኝ ፈለገ፤ ድምፁ ግን ስለላላ ቁጣው በአፍንጫው ወጣ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ዶክተሯ ታናሽ እህቴን የምታክል፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ጣሪያውን አሻቅቦ እንዲያይ አዘዘችው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የዐይኑ ቆብ ወረደ። ክንዶቹን ዘርግቶ እንዲይዝ አዘዘችው፤ እነሱም ወረዱ።

«በዚህ ሰዓት ይምጣ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«ደግ አደረጉ። ጠዋት ቢሆን ይህን አላይም ነበር።»

በረዶ በላስቲክ ጓንት ቋጥራ የወረደው ዐይኑ ላይ ያዘችለት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየን። ውሃው በጉንጩ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ሲገባ መሀረብ ፈልጌ አጣሁ፤ ሻሼን ከራሴ ላይ ፈትቼ ጠረግሁለት። በረዶው ሲነሳ ዐይኑ ተከፈተ። ሙሉ በሙሉ።

«በረዶው መድኃኒት አይደለም፣ ምልክት ነው» አለች ዶክተሯ። «ደም እንመረምራለን፣ ደረታቸውንም ራጅ እናነሳለን። የጠረጠርኩት ከሆነ ግን የሚታከም ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ሥራቸው ላይ ናቸው።»

መቀስ አልሰማትም። በሁለት ዐይኖቹ ራሴን ያያል።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው?»

ግንባሬ ላይ የወደቀው ፀጉሬ ነው። በቀኝ በኩል ቅንድቤን ይነካል፣ በግራ መሀል ግንባሬ ላይ ቀርቷል።

«አንተ ነህ። የዛሬ ሁለት ወር፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

አጭሩን ጎን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ሌላ ሰው አያቃናልሽም ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ!»

እንባው መጣ፤ በዚያው በረጠበው ሻሽ ጠረግሁለት። ዶክተሯ አንገቷን ደፍታ የምርመራ ማዘዣ ትጽፋለች።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለ ባሌ። «ወንበሩ ላይ መጀመሪያ የማስቀምጠው አንቺን ነው።»

ሻሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰው የሞላበትን ኮሪደር ፀጉሬ እንደተንጋደደ፣ እጁን ይዤ አቋርጬው ወጣሁ።