እስከ ጉልበት ሰማያዊ

እኔ የማጥበው የፖሊስ ጣቢያውን ሱሪና ሸሚዝ ነው፤ ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ሰኞ ጠዋት ሳጅኑ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሱሪ ደጄ ላይ ዘረገፈልኝ።

"እማማ፣ ለነገ ይድረስልን። ከንቲባው ሊያመሰግኑን ይመጣሉ።"

እሁድ ዕለት እጇን ሰብረው ያሰሯት ልጅ የኔ መሆኗን አላወቀም። ጣቢያው እሷን በአባቷ ስም መዝግቧታል፤ እኔ ደግሞ ለነሱ "እማማ ላውንደሪ" ነኝ፣ ሌላ ስም የለኝም።

ልጄና ስምንት ጓደኞቿ ፍሳሹ ይቁም ብለው የማቅለሚያ ፋብሪካው ሰማያዊ ፍሳሽ የሚለቀቅበት ወንዝ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ፤ ያደረጉት ይኼው ነው። ድንጋይ አልወረወሩ፣ ሰው አልሰደቡ። ከንቲባው ግን በሬዲዮ ምን አለ? "ፖሊስ ወንዙ ጋ ድርሽ አላለም። እርስ በርሳቸው ተደባድበው ነው።" የተከሰሱትም በዚሁ ነው።

ሱሪዎቹን ዘፈዘፍኳቸው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ደፍቼ ቀየርኩት፤ አሁንም ሰማያዊ። በሙቅ ውሃ ፈተግኩ፣ ክንዴ እስኪዝል። ከካኪው ጉልበት በታች ያለው ቀለም ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚያው ገንዳው አጠገብ ተንበረከክሁ። "ጌታዬ፣ አንድ ምስክር ስጠኝ ብልህ በማዳበሪያ ላክህልኝ?"

ሾፌሩ ታላቁ ልጄ ያሰብኩትን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "እማዬ፣ ሥራሽን ታጪያለሽ!"

"ሥራ ይገኛል። እህትህን ከየት ገበያ ልትገዛልኝ ነው?"

ማክሰኞ ጠዋት እሱ ራሱ ጭኖ አደረሰኝ።

የጣቢያው ግቢ በሰው ተጨናንቋል። ከንቲባው ማይክራፎን ይዞ "ጨዋው ፖሊሳችን" ሲል፣ እኔና ታላቁ ልጄ ሱሪዎቹን አጥሩ ላይ ማስጣት ጀመርን። ሃያ ሁለት ሱሪ፣ ሁሉም እስከ ጉልበት ሰማያዊ።

ሳጅኑ እየሮጠ መጣ። "እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ለነገ ይድረስ አላልከኝም? ይኸው ደረሰ።"

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ከንቲባው።

"የታጠበ ሱሪ ነው፣ ክቡር ከንቲባ። ፖሊስ ወንዙ ጋ ካልሄደ፣ ወንዙ ነው እንዴ ጣቢያ የመጣው?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከንቲባው ላብ በላብ ሆነ። "ጉዳዩ ይጣራል..."

"እኔ ቀንም ሌሊትም አጥቤ አጣርቼዋለሁ! ልጄ እጇ ተሰብሮ እዚያ ውስጥ ነች!"

"ይፈቱ! ይፈቱ!" ሕዝቡ አጥሩን ነቀነቀው። አንዲት ጋዜጠኛ መቅረጫዋን ከንቲባው አፍ ሥር ደቀነችበት።

"እኔን... አሳስተውኝ ነው" አለ በመጨረሻ። "ፖሊሶቹ ነበሩ። ደብድበዋል። የደበደቡት ይጠየቃሉ። ልጆቹ አሁኑኑ ይፈቱ።"

እልልታው ጣራ ነቀለ። ልጄ እጇን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። አቅፌ ልወስዳት ስል የጣቢያው በር ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ስምንቱ ሳይወጡ ወዴትም አልሄድም።"

"ይቺ ግትርነት ከማን ወጣባት?" አሉ አንዲት እናት።

ታላቁ ልጄ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ስምንቱም ተራ በተራ ወጡ። አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳምኳቸው፣ እግዜርን እያመሰገንኩ። የመጨረሻዋ ስትወጣ ልጄ በደህና እጇ ትከሻዬን ይዛ ተነሳች።