የሆስፒታሉ ጣሪያ ጉዳይ

ደብዳቤውን የጻፈችው በአንዲት ትንሽ ደሴት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ደሴቲቱ አራት ሺህ ሰው ይኖርባታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ይህ ሲሆን፣ ገና የአንድ የአውሮፓ አገር ቅኝ ግዛት ነበረች። ዐውሎ ነፋስ የሆስፒታሉን ጣሪያ ወስዶታል። ነርሷ የምትለምነው የጥቅምት ዝናብ ሳይገባ ጣሪያ እንዲሠራላቸው ብቻ ነው። ገዢው አገር «ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ብሏታል።

እኔ ብርቅአየሁ እባላለሁ፤ ስቶክሆልም ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ። ደብዳቤው በደረሰው የስዊድን የእርዳታ መሥሪያ ቤት ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ፖሊሲያችን አጭር ነው፤ እርዳታችን የሚሄደው ለነፃ አገሮች ነው፣ ቅኝ ግዛት የገዢው ኃላፊነት ነው። ነፃ ያልወጣ ሰው ዝናብ የማይመታው ይመስል። ቢሆንም ፖሊሲው ውስጥ ለድንገተኛ አደጋ የተተወች አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ። ግማሽ ገጽ ጽፌ ስብሰባ ገባሁ።

ሰብሳቢው ሌናርት ጡረታው የተቃረበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ፖሊሲውን አነበበና «ሌላ ሐሳብ አለ?» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። ወረቀቴን ይዤ ስሜን እስኪጠራ ጠበቅሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ጋሽ ኃይለ ልዑል «እስቲ አንቺ» ሳይሉ አፉን የሚከፍት የለም፤ ታላቅ ሰው ፊት ዘው ብሎ መናገር ነውር ነው። ሌናርት ግን ማንንም አልጠራም። በትንሿ የሰብሳቢ መዶሻ ጠረጴዛውን መታ፤ እርዳታው እንዳይሰጥ ተወሰነ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ኮሪደር ላይ ተከትዬው ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ዕድሉን እስክትሰጠኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ሰጥቼ ነበር እኮ።»

የተወሰነ ጉዳይ እንደገና የሚታየው በጥር መሆኑን በትሕትና ነገረኝና የእምቢታውን ደብዳቤ እኔው እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩት። ባቡር ውስጥ ሰፈሬ ሃግሴትራ እስክደርስ አልቅሼ ይወጣልኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አልመጣም። ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ።

በኅዳር ከነርሷ መልስ መጣ። ዝናቡ ሲገባ በሽተኞቹን ትምህርት ቤት ውስጥ አስተኝታቸዋለች፤ ሁለት አዛውንት በሳንባ ምች ሞተውባታል። ቁጣ ፈልጌ አገላበጥኩት፤ የለም። ከገዢው አገር ሌላ ከጻፈችላቸው ሁሉ መልስ የሰጠናት እኛ ብቻ መሆናችንን ገልጻ ታመሰግናለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦

«በስብሰባው ላይ ስለ እኛ የተናገረ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አመስግኑልን።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጥር ሰጥቼ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት።