በግራው ስክሪን ላይ ዝናሽ

የትናየት ደባርቅ ላይ ቪዲዮ ቤት ከከፈተች ዓመታት አልፈዋል። ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው በአንዲት ላፕቶፕ ነበር፤ ሠርጉንም፣ ምርቃቱንም፣ አስጎብኚዎች ከሰሜን ተራሮች፣ ከጨነቅ የሚያመጡትን የዋልያ ምስልም። በ2009 ዓ.ም. ግን ዓይኗ ቢያስቸግራት፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ሁለት ሞኒተሮች ገዛች።

ያን ሰሞን የያዘችው ሥራ የዳባቱ ነጋዴ የፀጋውና የባለቤቱ የዓለምወርቅ ነበር። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የራሳቸው የ1986ቱ ሠርግ የልጃቸው ፊልም መግቢያ እንዲሆን ፈለጉ። ካሴታቸው ግን ሲታይ ሲታይ ኖሮ አልቋል፤ ምስሉ ይዘላል። ስለዚህ የትናየት ሠርጉን ለቀረጹት ለጋሽ እንግዳው ደወለች።

ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሠርግ በኋላ ነበር ረዳት አድርገው የወሰዷት። ዳባት ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ከጓሮ እያጓራ፣ ሁለት የካሴት ማጫወቻ ዴክና ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አድርገው ይሠሩ ነበር። እሳቸው በግራው ቴሌቪዥን ዋናውን ካሴት እያዩ «ያዢ!» ሲሉ የቀኙን ዴክ መቅጃ ቁልፍ ትጫናለች፤ «ልቀቂ!» ሲሉ ታቆማለች። ጣቷ ከዘገየ የሙሽራዋ እናት አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። ያኔ ስቀው ስቀው ካሴቱን መልሰው ያጠነጥናሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራው ቀለለ፤ ግን የአንድ ሰው ሥራ ሆነ።

ጋሽ እንግዳው ሚስታቸው ዝናሽ ከሞተች ወዲህ ከዳባት ብዙም አይወጡም። ያም ሆኖ በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ያልተቆረጠውን ካሴት በፌስታል ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ።

የትናየት ሞኒተሮቹን ከላፕቶፑ ግራና ቀኝ አቁማ ኬብሎቹን ሰካች። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ወጣ።

«ለአንድ ምስል ሦስት መስኮት ምን ያደርጋል?» አሉ ጋሽ እንግዳው።

«ይታገሡኝ ጋሼ፣ ይታዘዛል።» ስክሪኖቹን ለየቻቸው። አሁን ደግሞ ማውሱን ወደ ግራ ስትገፋው ቀስቱ በቀኙ ስክሪን ብቅ አለ።

«ግራና ቀኙን አያውቅም እንዴ ይሄ?»

«እኔ ነኝ ያልነገርሁት» አለችና የስክሪኖቹን ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ አቀያየረችለት። ቀስቱ ተሻገረ።

ሁለቱን ካሴቶች ወደ ላፕቶፑ ከገለበጠች በኋላ፣ የተበላሸው በየቱ እንደሚተካ ለማየት በግራው ዋናውን፣ በቀኙ ድሮ ተቆርጦ ለሙሽሮቹ የተሰጠውን አደረገች። ጋሽ እንግዳው ማንም ሳይነግራቸው ወንበራቸውን ስበው ከግራው ፊት ተቀመጡ።

ምስሎቹ እኩል ሄዱ። ሚዜዎቹ ከዳሱ ገቡ፤ የዓለምወርቅ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ድንገት ተለያዩ። በቀኙ እስክስታ ሆነ። በግራው ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት፣ መብራት እንደያዘች መጥታ፣ እግሯ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ልትፈታ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ወደ ካሜራው አይታ ሳቀች።

«ያዢ!» ብለው ጮኹ ጋሽ እንግዳው።

የትናየት አቆመችው። ዝናሽ ናት። ለየትናየት እንደ ታላቅ እህት ነበረች። የባሏን መብራት ስትይዝ ሁልጊዜ ከብርሃኑ ጀርባ ስለምትቆም፣ በስንቱ ሠርግ ውላ በአንዱም ፊልም ላይ አትታይም።

«ቁረጠኝ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብላ ለምናኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፅ አለው?»

የትናየት ድምፁን ከፍ አድርጋ ደገመችው። በከበሮው መሃል «እንግዳው፣ ተው አትቅረጸኝ!» የሚል ተሰማ። ጋሽ እንግዳው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሡ።

«ፊልሙ ውስጥ እናስገባት?» አለች የትናየት።

«የሰው ሠርግ ነው። የኔን ሚስት ምን አገባት?»

የትናየት ግን ዝናሽን ሳትቆርጥ አቆየቻት። ባልና ሚስቱ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ፣ የዓለምወርቅ ያቺን ሳቂ ሴት ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ዝናሽ! ቬሌ ሲቀደድብኝ በመርፌ የጠቀመችልኝ እሷ አይደለች? ከነሳቋ ትግባ!»

ፀጋውም «እሷ መብራት ባትይዝ እኛስ መች እንታይ ነበር?» አለ።

የልጅቱ ሠርግ ዕለት ፊልሙ ዳባት፣ ዳሱ ውስጥ ታየ። ዝናሽ ብቅ ስትል የሚያውቋት ሴቶች እልል አሉ። አንዷ «ውይ፣ እቴ!» ብላ አለቀሰች። ጋሽ እንግዳው እየሳቁ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሁሉ «ሚስቴ ናት» ይሉ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ቤታቸው የቀሩትን ያልተቆረጡ ካሴቶች በጆንያ ጭነው ደባርቅ ድረስ አመጡ። ግማሹ ሻግቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየትናየት ጋር ይገለብጡ ጀመር። አንዱ ላይ የበየዳ ሙሽራ በበቅሎ ስትመጣ፣ ሌላው ላይ ዝናብ ዳስ ሲያፈርስ ያያሉ። ዝናሽ የምትታይበት ሲገኝ ደስ ይላቸዋል፤ ባይገኝም ሁለቱ ሲጫወቱ ይመሻል።