አራት ክኒን ለአሥራ ሰባት ሰዓት

በሒሳብ ማንም እንዲያርመኝ አልወድም። አዲስ አበባ ሳለሁ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዳላስ መጥቼ ከኧርቪንግ ከተማ ሆቴሎች ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ ማመላለስ ከጀመርኩ ወዲህም ደቂቃ ስቼ አላውቅም። ስለዚህ በኅዳር 1990 ዓ.ም. እናቴ ዓለምጌጥ ልትመጣ ስትል የጉዞውን ሰዓት ያሰላሁት እኔው ነኝ።

መንገዱ ከአሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ የምትነሳው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይራ በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዳላስ ትገባለች።

"አሥራ ሰባት ሰዓት ነው እማዬ" አልኳት በስልክ። የልብ ክኒኗን በየአራት ሰዓቱ ነው የምትውጠው፤ ሐኪሟ አንዱንም እንዳታሳልፍ አስጠንቅቋታል። "አራት ፍሬ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ የቀረውን ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። ብዙ ካዩብሽ ፍተሻ ላይ ያስቸግሩሻል።"

"እሺ ልጄ" አለችኝ።

በተነሳች በሦስተኛው ሰዓት ጓደኛዬን ጫላን አገኘሁት። ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ጫኝ ነው። በሒሳቤ ጉራዬን ስነዛበት ሳቀ።

"ቆይ፣ ታይም ዲፈረንሱን አድ አድርገሃል? እነሱ እኮ በዘጠኝ ሰዓት ይቀድሙናል። ሶ፣ ሃያ ስድስት ሰዓት ነው።"

በአራት አካፈልኩት። ሁለት ክኒን ይጎድላታል። የቀረው ሻንጣዋ ውስጥ ነው፤ ሻንጣዋ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ። የሰዓት ልዩነት እንዳለ እኮ አውቃለሁ! ስልክ የምደውልላት ሌሊት ተነስቼ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ ግን የሚለቀም አይደለም፣ የፈሰሰችው እናቴ ናት። ምንም ባላጠፋው ጫላ ላይ ጮኽኩበት።

ባለቤቴ ሰብለወርቅ ቤተ ክርስቲያን ደውላ ጸሎት አስያዘች። እኔ መጸለይም አቃተኝ። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ከጠዋት ጀምሮ መውጫው በር ላይ ተገተርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ብቅ አለች። ትስቃለች። ሳልስማት እጇን ይዤ፣

"መድኃኒትሽስ? አራቱ መቼ አለቀ?" አልኳት።

"ወይ ጉድ፣ ሰላምታም የለ?" ቦርሳዋን ከፍታ የተቋጠረ መሐረብ ፈታች። አንድ ደርዘን ክኒን።

"አራት ብቻ ያዢ አላልኩሽም?"

"ነጋሽ፣ 'በዓመቴ እመለሳለሁ' ብለኸኝ ስትሄድ ስንት ዓመት ቆየህ?"

"ስድስት" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ታዲያ አሥራ ሰባት ሰዓት ስትለኝ የሦስት ቀን ያዝኩ።"

ወንበሩ ስር ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩ። እናቴ ስላላመነችኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እሷም ፀጉሬን ዳበስ ዳበስ እያደረገች፣ ቤትህ ሩቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሃያ ደቂቃ" አልኳት።

ክኒኗን አውጥታ አንድ ዋጠች።