ከላይ ቦዬ፣ ከታች ስኳር ድንች

ቶጉዋ ዓመቱን ሙሉ ወገቡ እስኪቆረጥ የቆፈረው ለራሱ አልነበረም። ኪሪዊና ደሴት ላይ የእህት ባል ጎተራ የሚሞላው ወንድሟ ቆፍሮ በሚያመጣው የቦዬ ሥር ነው፤ ወንድ ልጅ ወንድ የሚባለውም በዚሁ ነው። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ጉድ ሠራው! ቦዬው ገና በእንጭጩ ቀረ። የተረፈው ስኳር ድንች ነበር። እሱ ደግሞ የሕፃንና የአሳማ ቀለብ ነው፤ ሳይቆይ ይበሰብሳል፣ ጎተራ አይገባም፣ ለአማች አይሰጥም።

ባዶ እጁን ቢሄድ የእህቱን የቦሜዱን አበሳ ማን ይችለዋል? የባሏ አክስት ኢናኩሊ እንደሆነች ምላሷ መርዝ ነው። "ወንድም የላትም እንዴ?" ትልና ሰፈሩን ታስቅባታለች። እናም የማይደረገውን አደረገ፤ ቅርጫቶቹን ከታች በስኳር ድንች ሞላ፣ ከላይ ቦዬ ደረደረ።

ሲደርስ ኢናኩሊ ጎተራው ሥር ቡዋ የሚባለውን አፍ የሚያቀላ ፍሬ እያኘከች፣ አፏ ደም መስሎ ጠበቀችው።

"ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ ሸክሙ ቀለለህ?"

"ቀርበው ይሸከሙታ፣ እትዬ!" አለቻት ቦሜዱ።

ባሏ ጊዮሞታ ጎተራው ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ቅርጫት ተቀበለ። እጁን ወደ ታች ሰደደና ደርቆ ቀረ። የቦዬን ሻካራ ልጣጭ ከስኳር ድንች ልስላሴ ዓይነ ስውርም ይለየዋል። ቶጉዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"እስቲ እኔም ልየው" ብላ ኢናኩሊ ተነሳች። የጎተራው ግንዶች ተራርቀው የሚሠሩት እኮ ሰው ውስጡን እንዲያይ ነው።

"ኧረ ዞር በይ አክስቴ፣ እንዳይወድቅብሽ!" ብሎ ጮኸ ጊዮሞታ። ቦዬውን እየመረጠ በክፍተቶቹ ልክ ደረደረ፤ ስኳር ድንቹን ወደ መሃል ገፋው።

"ወንድም ማለት እንዲህ ነው!" አሉ ጎረቤቶች። ቦሜዱ እፎይ ብላ ሳቀች። ኢናኩሊ ቀዩን ምራቋን ጢቅ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቶጉዋ የመጨረሻውን ቅርጫት ሲያቀብል ወደ ጊዮሞታ ጠጋ አለ። "ይቅር በለኝ፣ አዋረድኩህ" አለ በሹክሹክታ።

"ዝም በልና አሳየኝ" አለው ጊዮሞታ፣ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መንገድ ላይ እንዳይገለጥ እንዴት አድርገህ ነው የደረደርከው? ነገ እኔም ለእህቴ እወስዳለሁ።"