አባቴና ክላይቭ የተስማሙባቸው ነጥቦች

አባቴ ሌስተር ፔንጌሊ ከሞተ ዓመት አለፈው። ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚያወራኝ ስለ ዛፍ እውቀቱ ነው። እኔ ትዝ የሚለኝ ግን በከተማችን በታምዎርዝ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሌላው የዛፍ ባለሙያ ከክላይቭ ትሬሎር ጋር በር ተዘግቶባቸው የዋሉበት ቀን ነው።

ክርክሩ በሚስ ኢልማ ድራብሽ ባሕር ዛፍ የተነሳ ነበር። ሚስ ኢልማ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አባቴንም ክላይቭንም ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው ጋቪን “የቤቴን ግድግዳ የሰነጠቀው የዛፉ ሥር ነው፤ ዛፉ ይቆረጥ፣ ካሳም ይከፈለኝ” ብሎ ከሰሳቸው። ዛፉን የተከሉት የሚስ ኢልማ አባት ነበሩ። ሚስ ኢልማም “የሚቆርጡት ከሆነ እኔን አስቀድመው ይቁረጡ” ብለው ለከተማው ሁሉ ተናግረዋል።

ጋቪን ክላይቭን፣ ሚስ ኢልማ አባቴን የባለሙያ ምስክር አድርገው ጠሩ። ሁለቱ ባለሙያዎች ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በግብርና ትርዒት ላይ ክላይቭ ዳኛ ሆኖ የአባቴን ዱባ “ውሃ ነው” ስላለው ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ለማየትም አብረው አልሄዱም። “እሱ ባለበት አልደርስም” ተባብለው አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ ሄደ።

የግዛታችን ፍርድ ቤቶች ደንብ ግን ኩርፊያ አያውቅም። የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ጠበቃ በሌለበት ተቀምጠው መነጋገር፣ የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን ጽፈው መፈረም አለባቸው። ባለሙያው የሚያገለግለውም የጠራውን ሰው ሳይሆን ፍርድ ቤቱን ነው። ሁለቱም ኮምፒውተር ስለማይነኩ፣ ጠበቆቹ ተስማምተው እኔን ጸሐፊ አድርገው አስገቡኝ። አፌን እንዳልከፍት ግን ቃል አስገቡኝ።

በሩ እንደተዘጋ ክላይቭ ወደ እኔ ዞረ። “አባትሽን ጠይቂልኝ። ዛፉ ባሕር ዛፍ መሆኑን ያምናል?”

“ለዚያ ሰውዬ ንገሪው” አለ አባቴ ጣሪያውን እያየ። “አምናለሁ። እሱ ግን ከዱባ መለየት ስለመቻሉ እርግጠኛ አይደለሁም።”

“ዱባ! ዛሬም ዱባ!”

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ክፍሉ ይሞቃል።

ከምሳ በኋላ ክላይቭ አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። “ይኸው! ከግድግዳው አጠገብ፣ በሚስ ኢልማ በኩል መሬቱ ሰርጉዷል። ሥሩ ውሃውን መጥጦት አፈሩ ተኮማተረ፣ መሠረቱም ወረደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?”

አባቴ ፎቶውን አነሳ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ዝም ብሎ ከቀረ ሚስ ኢልማ ዛፋቸውን ያጣሉ። ከተናገረ ደግሞ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይሳቅበታል።

“ክላይቭ” አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጠራው። “እሱ የኔ ጉድጓድ ነው።”

“የምን ጉድጓድ?”

“ሥሩን ልይ ብዬ ሰኞ ቆፈርኩት። መልሼ ደፈንኩት። አልጠቀጠቅኩትም። ሌሊት ዝናብ ነበረ።”

ክላይቭ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዛፍ ስትተክል ኖረህ ጉድጓድ መድፈን አቃተህ?” ሳቁን ሳይጨርስ የአባቴን ሪፖርት ገለጠ። አባቴ ረቡዕ ተመልሶ ሄዶ በጋቪን በኩል አንድ የላላ አፈር አይቶ ነበር፤ ግድግዳውን የሰነጠቀው በደንብ ያልተደፈነ የድሮ የቧንቧ ቦይ ነው ብሎ ሁለት ገጽ ጽፏል። የክላይቭ ሳቅ ቆመ።

“ይሄ የድሮ ቦይ የምትለው…”

“እሺ?”

“የማክሰኞ ነው። የኔ።”

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። እኔ ቃል ገብቻለሁ፤ ከንፈሬን ነክሼ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥኩ።

“ስማኝ ሌስተር” አለ ክላይቭ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ይህን ከኛ በቀር ማን ያውቃል? የየራሳችንን ይዘን እንለያይ። ዳኛዋ የፈለገችውን ትምረጥ።”

“ደንቡን አንብበህ ፈርመሃል እኮ።”

“ትርዒቱ ላይ በምን ፊቴ እቀርባለሁ?”

“እኔ ዱባዬን ከሰደብክ በኋላም እቀርብ የለ? አንቺ፣ ጻፊ!”

ጻፍኩ። ክላይቭ የመረመረው የሌስተርን ጉድጓድ ነው። ሌስተር የመረመረው የክላይቭን ጉድጓድ ነው። ግድግዳው በምን እንደተሰነጠቀ ሁለታችንም አናውቅም። ያልተስማማንበት ነጥብ፦ የማን ጉድጓድ በተሻለ ሁኔታ እንደተቆፈረ።

በችሎቱ ቀን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ዳኛዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ በሁለተኛው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

“አቶ ትሬሎር፣ ከዚህ ጉድጓድ ሌላ ዛፉን የሚያስወቅስ ነገር አለዎት?”

የጋቪን ጠበቃ በዓይኑ ለመነው። ክላይቭ ወደ አባቴ አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። “የለኝም፣ ክብርት ዳኛ።”

“እርስዎስ አቶ ፔንጌሊ፣ የሚጨምሩት አለ?”

“የኔ ጉድጓድ ጠለቅ ይል ነበር፣ ክብርት ዳኛ።”

“በስፋት ግን የኔ ይበልጣል” አለ ክላይቭ።

ከሳሽ ማስረዳት አልቻለም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ዛፉም ተረፈ። ሚስ ኢልማ ደጅ ላይ ጠበቋቸው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸው ቆሙ።

“ዛፌን አትርፋችሁልኛል፣ አመሰግናለሁ” አሉ። “አሁን አካፋችሁን ይዛችሁ ኑ።”

ቅዳሜ ሄዱ። ሁለቱንም ጉድጓድ ሞልተው፣ አንዱ የሌላውን አደፋፈን እየተቸ፣ በጫማቸው ሲጠቀጥቁ ዋሉ። በመጨረሻ ሚስ ኢልማ መጡ፤ አፈሩን በከዘራቸው ወጋ ወጋ አድርገው አዩት።

“ሁለታችሁም እንደገና” አሉ።