ጥፍር የምታህለው ኦርኪድ

ሰዓት ጠጋኙ ሚስቱን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ካስተኛት ወዲህ ጭንቀቱ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ የእሷ ዓይን፣ ሌላው መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ የተንጠለጠለችው ኦርኪድ። ተክሏ ከነቅጠሏ የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። ሚስቱ የዛፍ ቅርፊት ላይ በክር ካሰረቻት ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን እምቡጥ ያወጣችው ገና ዘንድሮ ነው።

"ጠዋት ጠዋት ውሃ ርጭ አድርግባትና ተዋት" ብላው ነበር። "ሥሯ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። ደግሞ እጅህ አያርፍም፣ አውቅሃለሁ።"

እውነትም አላረፈም። ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሎቿ የተሸበሸቡ መሰለውና በማንኪያ አጠጣት። በማግስቱ ልቡ አላምን ስላለው ቅርፊቱን ውሃ የሞላ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፎ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ሲመለስ ሦስት ቅጠሎች ረግፈዋል፤ ሥሮቿም ሲነኳቸው ይፈራርሳሉ።

ወዲያው ሚስቱ ደወለች። "እምቡጧስ?"

"አለች" አለ። አልዋሸም፤ ስለ ቅጠሎቹ ግን አልነገራትም።

አበባ ሻጯ ጎረቤቱ የበሰበሰውን ቁረጥ አለችው። ከፀጉር የቀጠነ ብሎን በሚፈታበት እጁ የበሰበሰውን ሥር አንድ በአንድ ቆረጠ። በነጋታው እምቡጧ ወደቀች።

ሚስቱን ሊያወጣት ሲሄድ ነርሷ፣ "አደራ፣ ለአንድ ሳምንት እሷ እንዳታለቅስ" አለችው። ስለ እምቡጧ ትንፍሽ አልልም አለ በሆዱ። ታክሲ ውስጥ ግን አላስቻለውም፤ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

ሚስቱ አንድ ዓይኗ እንደታሸገ ዞራ አየችው። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"በናትሽ አታልቅሺ!"

"ዘፈዘፍካት? እንደ ሽምብራ?" ፋሻዋን በመዳፏ ደግፋ ሳቀች። "ተው፣ መሳቅም ሳይከለክሉኝ አልቀሩም።"

ቤት ገብታ ቅርፊቱን ስታየው ሳቋ ጠፋ። ሁለት ቅጠል፣ ግማሽ ሥር። ቅርፊቱን መልሳ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው።

"ሞታለች?" አላት ራት ላይ።

"እኔም አላውቅም።"

አምስት ሳምንት ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ባለፈ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያት ነበር። በስድስተኛው፣ ከቅጠሎቹ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላ አየ። ለሚስቱ ሊነግራት ተጣራና፣ ዓይኑ አታሎት እንደሆነ ፈርቶ፣ "ምንም አይደል" አለ። እሷ ግን ከሁለት ቀን በፊት አይታት ነበር።